በቦሼ አንገት ላይ ያለው ንጉሠ ነገሥት

«እመነኝ ወንድሜ፣ አንገቷን አይደለም የማየው!» አለ መምህር ተፈሪ፣ ኮሌታው በሰው ጭብጥ ውስጥ እንዳለ።

«ታዲያ ምኗን ነው?» አለ ኮሌታውን የያዘው።

ተፈሪ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የሚያየው ነገር የተንጠለጠለው ከአንገት ዝቅ ብሎ ስለነበር እውነቱን ቢናገር ይብስበታል።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ቦታው የቀይ አፈር ገበያ ነው። ያለምወርቅ ከማር ሻጮቹ ዘንድ ቁጢጥ ብላ፣ ከአንዱ ቅል ወደ ሌላው ጣቷን እየነከረች ስትቀምስ «የጂንካው መምህር ተያዘ» የሚል ወሬ ደረሳት። አልደነገጠችም። ባሏ ድንጋይ ሲያገላብጥ ተይዟል፤ የሰው አጥር ሥር ሲቆፍር ተይዟል፤ የወፍጮ ቤት ታርጋ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ደብተሩ ሲገለብጥም ተይዟል። በሴት ግን ተይዞ ስለማያውቅ ጣቷን ልሳ ለማየት ተነሣች።

ኮሌታውን የያዘው ሰው ሶርሳ ይባላል። የበና ሰው ነው፤ አማርኛውን የለመደው ፍየል ሲሸጥና ሲገዛ ስለሆነ ቃል አያባክንም። ሚስቱ ቦሼ ማሽላዋን ፊቷ ዘርግታ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና በሳቅ ትንቀጠቀጣለች።

«ይህ ሰውዬ ያንቺ ነው?» አለ ሶርሳ።

«ሰውየው የኔ ነው» አለች ያለምወርቅ። «ዓይኑ ግን የሮማውያን ነው።»

«ሮማውያን የት ናቸው?»

«እኛ ቤት።»

«ብዙ ናቸው?»

«መደርደሪያ ሙሉ። እኔ ሰሃን የማስቀምጥበት አጥቻለሁ።»

ሶርሳ ተፈሪን ከላይ እስከ ታች አየው። እንግዳ የበዛበት ሰው መሰለውና ሳያዝንለት አልቀረም፤ ኮሌታውን ለቀቀ።

የሮማውያኑ ነገር እንዲህ ነው። ተፈሪ ጂንካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ታሪክ ያስተምራል። ሌላው መምህር የነገሥታቱን ስም በተራ አስሸምድዶ ሲያልፍ፣ እሱ አንድ ወፍራም አሮጌ መጽሐፍ አለው፤ ጽሑፉ ጥቂት፣ ሥዕሉ ብዙ። የሮማ ገንዘብ፣ የተቀረጸ ድንጋይ፣ ሐውልት፣ የድል በር፣ ምን የሌለበት አለ። «ንጉሥ ታሪኩን ሲያስጽፍ ይዋሻል» ይላቸዋል ልጆቹን። «ገንዘብ ላይም ይዋሻል። ልዩነቱ፣ ገንዘቡ ላይ የዋሸበት ዘመን አብሮ ይታተማል።» ሕዝቡ እህል አጥቶ በሚጮኽበት ዓመት ንጉሡ ጥጋብን በእመቤት አምሳል አሥሎ፣ የእህል ዛላ አሸክሞ ገንዘብ ላይ ያስመታታል። ጦሩ እርስ በርሱ ሲፋጅ «የሠራዊቱ ስምምነት» ብሎ ያሳትማል። የተጠላ ንጉሥ የሞተ እንደሆነ ስሙን ከድንጋዩ ላይ በመሮ ይፍቁታል፤ ከሐውልቱም ላይ ራሱን አንሥተው የተተኪውን ይገጥሙበታል፤ ትከሻው ያው ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ደወል እንኳ ቢደወል አይነሡለትም።

ጣጣው የመጣው ተፈሪ «እስቲ በከተማችን ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አንብባችሁ ኑ» ብሎ ያሰማራቸው ዕለት ነው። የማዳበሪያ ጆንያ አነበቡ። የአውቶቡስ ጀርባ አነበቡ። በመጨረሻ የቀበሌው ግድግዳ ጋ ደረሱ። ዝናብ ሰንብቶ ነበርና ኖራው ታጥቦ፣ ከዘንድሮው መፈክር ሥር ያምናው፣ ካምናው ሥር የካቻምናው ብቅ ብሏል። ልጆቹ ሁሉንም በየቀለሙ ገልብጠው፣ የማን ስም የት ላይ እንደተፋቀ ምልክት አድርገው መምህራቸው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ጎበዝ ልጆች ናቸው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጓድ ዘሩ መጣ።

ጓድ ዘሩ የአውራጃው ካድሬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ፍርሃቱ እንደ ትጋት ስለሚታይለት ግን በቶሎ አድጓል።

«ጓድ መምህር» አለው፣ «እኛ አንድ ንጉሠ ነገሥት ለማውረድ ያየነውን አይተን፣ አንተ ስንቱን ታስገባብናለህ?»

«እነሱ እኮ የወረዱት ከኛው በፊት ነው።»

«አትቀልድ። በትምህርት መርጃ መሣሪያ ኤግዚቢሽኑ ላይ ከክፍለ ሀገር ተቆጣጣሪ ይመጣሉ። ሮማ ለሰፊው ሕዝብ ምን እንደምትጠቅም በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አቅርብ። ካላቀረብክ የሮማ ክፍለ ጊዜ ለትምህርት ቤቱ እርሻ ይሰጣል። አንተም ዶማህን ይዘህ ወደዚያው ነህ።»

ያለምወርቅ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያሰበችው የባሏን እግር ነበር። ተፈሪ ባለፈው ዶማ የያዘ ጊዜ የመታው የገዛ አውራ ጣቱን ነው። ቀጥሎ ያሰበችው ራሷን ነው፤ ሮማውያን ከትምህርት ቤት ከተባረሩ ሌላ የሚያውቁት ዘመድ ስለሌላቸው መምጫቸው እሷ ቤት ነው። ልብስ እየሰፋች በስፌት መኪናዋ አጠገብ ተፈሪ ቆሞ ስለ ውኃ ቦይ ሲያስተምራት ታያት። ሦስተኛውን ግን ለማንም አልተናገረችም። አምና ክፍለ ጊዜው ለስብሰባ ተወስዶበት በነበረ ጊዜ ተፈሪ እህል ሲቀርብለት ምን እንደሆነ ሳያይ የሚበላ፣ ሲጠሩት ቆይቶ አቤት የሚል ሰው ሆኖ ነበር። ያንን ሰውዬ ዳግመኛ ቤቷ ማስገባት አልፈለገችም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የቀይ አፈር ገበያ መሃል ቦሼ ደረት ላይ፣ ከዶቃው መካከል፣ ጎኑን የተበሳ ክብ ብረትና ብረቱ ላይ ፊቱን ወደ ጎን ያዞረ የሰው ራስ አይቶ ደርቆ የቀረው።

«አውልቃ ታሳየን» አለ አሁን፣ ኮሌታውን እያቃና።

ሶርሳ በቋንቋቸው ነገራት፤ ቦሼ መለሰች። «አይወልቅም» አለ ሶርሳ። «እናቷ ከቆዳው ጋር የሰፋችው ነው። እናቷ የሰፋችውን አትፈታም።»

«እዚያው እንዳለ ወረቀት አልብሼ በእርሳስ ላሸው።»

«አንተ አትነካም።»

«ሚስቴ ትንካው።»

ሶርሳ አሰበበት። «እሺ። አንተ ግን ፊትህን ወደ ፍየሎቹ አዙር።»

ተፈሪ ፊቱን ወደ ፍየሎቹ አዞረና ትምህርቱን ለእነሱ መስጠት ጀመረ። «ወረቀቱን ወጥሪው! እርሳሱን አጋድሚው፤ በጫፉ አይደለም፣ በጎኑ ነው! ቀስ፣ ቀስ!» ፍየሎቹ በጥሞና ያዳምጡታል። ያለምወርቅ እርሳሷን ባሳለፈች ቁጥር ቦሼ ትኮረኮርና በሳቅ ትዘላለች፤ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ንጉሡ ሁለት አፍንጫ አወጣ። በሁለተኛው አገጩ ጠፋ። ከዚያ ያለምወርቅ የቦሼን ትከሻ አቅፋ፣ ቦሼም ትንፋሿን ይዛ፣ ሁለቱም ሳቃቸውን እየዋጡ የፊቱንም የኋላውንም አወጡት።

ብረቱ ጠቁሯል፤ ዘመን የቆየ ቅቤና ቀይ አፈር ሞልቶታል። እንደዚያም ሆኖ ከራሱ ጎን ሦስት ፊደል ይነበባል።

«አይ፣ ኤም፣ ፒ ይላል» አለች ያለምወርቅ።

ተፈሪ ፊቱ ወደ ፍየሎቹ እንዳለ ጆሮውን ቀሰረ። «ኋላውስ?»

«ክንፉን የዘረጋ ንስር። ሥሩ ኤክስ፣ አይ፣ ቪ አለ።»

«ኢምፔራቶር!» ብሎ ጮኸ ተፈሪ። «ኢምፔራቶር ማለት እኮ ነው! ንስሩ የጦራቸው ዓርማ ነው! ኤክስ አይ ቪ አሥራ አራት ነው፤ አሥራ አራተኛው ክፍለ ጦር!» ከፍየሎቹ ዘወር ሊል ሲል የሶርሳን በትር አየና መልሶ ዞረ። «ከየት እንዳመጣችው ጠይቅልኝ፣ ወንድሜ።»

«የእናቷ አጎት ከወንዙ ማዶ በፍየል ለውጦ ያመጣው ነው» አለ ሶርሳ።

«መቼ?»

«ድሮ።»

«ድሮ!» አለ ተፈሪ ለሚስቱ፣ ዓመተ ምሕረቱን የነገሩት ይመስል።

ወደ ጂንካ ሲመለሱ፣ በጭነት መኪናው ላይ ከማሽላ ጆንያ ጋር እየተንገጫገጩ፣ ተፈሪ ገንዘቡን ከሮማ ወደ ግብፅ አሻገረው። ከግብፅ በዓባይ አወጣው፤ ከነጋዴ ነጋዴ እያቀባበለ ኦሞራቴ ግድም ካለው ሐይቅ ዳር አደረሰው፤ ከዚያ ደግሞ በወንዙ ሽቅብ አመጣው። ያለምወርቅ የማር ቅሏን ታቅፋ «ቀስ ብለህ አምጣው፣ ይደፋብኛል» አለችው።

ከጓድ ዘሩ ይልቅ የተደሰተ ግን አልነበረም። የሮማ ገንዘብ በእሱ አውራጃ! ወዲያው ለክፍለ ሀገር ሪፖርት አደረገ። ኮምፔንሳቶ አስቆርጦ በቀይ ቀለም «የሮማ ግዛት ገንዘብ፤ ዕድሜው ሁለት ሺህ ዓመት» ብሎ አስጻፈ። ገንዘቡ ከባለቤቲቱ እንደማይለይ በተነገረው ጊዜ ትንሽ ተጨነቀና መላ አገኘ፤ ኤግዚቢሽኑ ላይ በሚቀርቡት ዕቃዎች መካከል ቦሼን «ተንቀሳቃሽ መርጃ መሣሪያ» ብሎ አስመዘገባት። ሶርሳ በበኩሉ እሱም አብሮ እንዲመጣ፣ ሚስቱ በደህና ወንበር እንድትቀመጥና ማንም ወንድ እጁን እንዳይዘረጋ ተዋዋለ።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ጠዋት ባልና ሚስቱ ከመኪና ወርደው እነተፈሪ ቤት ገቡ። ቦሼ ጸጉሯን በአዲስ ቅቤ ተሠርታ፣ ዶቃዋን ደርባ አምራለች። ያለምወርቅ ሻይና ዳቦ አቀረበችና ወንበር ሳበችላት። ከዚያ ደረቷ ላይ ያለውን ነገር አየችው። እንደ መስታወት ያበራል።

«በአመድና በአሸዋ ፈተገችው» አለ ሶርሳ በኩራት። «ትልልቅ ሰዎች ሊያዩት አይደል?»

ተፈሪ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ በሶርሳ ፈቃድ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። ንጉሡ ጢም አለው። ኋላውን ሲገለብጡለት ደግሞ ከብሱ አጠገብ ተደብቆ የነበረ ቁጥር ፍንትው ብሎ ወጥቷል፤ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሦስት። አራተኛውን ብሱ በልቶታል።

ተፈሪ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ያለም።»

«እ።»

«ሮማውያን ይህን ቁጥር አያውቁትም።»

«የቱን?»

«ዘጠኝን። እንዲህ አድርገው አይጽፉትም። አይችሉም። ገና አልመጣም።»

«ታዲያ ይህ ማን ነው?»

«የጣሊያኑ ንጉሥ ነው። በወረሩን ጊዜ ያስመታው ነው። ኢምፔራቶር ያለው በኛ ላይ ነው፤ አሥራ አራቱም የፋሽስቶቹ አሥራ አራተኛ ዓመት ነው እንጂ የማንም ክፍለ ጦር አይደለም።» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ከግብፅ በዓባይ አወጣሁት እኮ።»

ያለምወርቅ ሳቋ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ባሏን አየችውና መልሳ ዋጠችው።

«ዝም ብትልስ?» አለችው። «ዘሩ አያውቅ፤ ተቆጣጣሪው አያውቁ። ትንሽ ቅቤ ደግመን ብንቀባው ዘጠኙ ተመልሶ ይገባል።»

ተፈሪ የቅቤውን ዕቃ አየ። አላየም አይባልም፤ ደህና አድርጎ አየው። «ልጆቹስ?» አለ በመጨረሻ።

«ልጆቹ ምን ያውቃሉ?»

«ያነባሉ፣ ያለም። ማንበብ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ቅቤውን በጥፍራቸው ፍቀው ያነቡታል።»

እሷም ከዚህ በላይ አልተከራከረችም። ኮቱን አምጥታ አለበሰችውና ትከሻውን መታ መታ አደረገችለት። ዶማው ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ነው፤ ላለማየት ዞራ ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ጓድ ዘሩ ወዲህ ወዲያ ይላል። ትልቁን መፈክር ለተቆጣጣሪው ክብር በአዲስ ቀለም አስጽፎታል፤ «ጎተራችን ሞልቶ ተርፏል!» ይላል። ከሥሩ በትልቅ ሰሃን ለናሙና የሙዝ ዘለላ ቀርቧል።

«ጓድ ዘሩ፣ ኮምፔንሳቶው ላይ ስህተት አለ» አለ ተፈሪ።

«ፊደል ነው?»

«አይደለም። ገንዘቡ ሮማዊ አይደለም።»

«ሪፖርቱ ላይ ሮማዊ ነው።»

«ጣሊያን ነው።»

ዘሩ ላቡ በአንድ ጊዜ ወጣ። «ጓድ መምህር፣ ሪፖርቱ ደርሷል፤ አንብበውታል፤ ሊያዩት አውሮፕላን ተሳፍረዋል። አንተ አሁን ሮማን ከየት አባህ ወደ የት ነው የምትወስድብኝ?» ሳይጨርስ የአውሮፕላኑ ድምፅ ተሰማ። ከብቶቹ ከማረፊያው ሜዳ ላይ በጩኸት ተባረሩ፤ አንዲት ጊደር አሻፈረኝ ብላ አውሮፕላኑን አንድ ዙር አስዞረችው።

ተቆጣጣሪው ጓድ ወልደጊዮርጊስ አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። በረራው አልተስማማቸውም መሰል ፊታቸው ገርጥቷል። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ፣ ተማሪዎች ከጭቃ የሠሩትን እሳተ ገሞራ እያዩ፣ «ጥሩ» እያሉ መጡና ቀዩ ጽሑፍ ፊት ቆሙ። ከጽሑፉ ሥር አንድ ባዶ ወንበር አለ።

«የሮማው ገንዘብ የት አለ?»

«ተንቀሳቃሽ ነው፣ ጓድ» አለ ዘሩ፣ በዓይኑ አዳራሹን እያሰሰ።

ቦሼ መቀመጥ ሰልችቷት ኤግዚቢሽኑን ልታይ ተነሥታ ነበር። የዶሮ አጥንት በሽቦ ተገጣጥሞ ከቆመበት ጠረጴዛ አጠገብ አገኟት፤ ለሶርሳ አንዱን አጥንት እያሳየች ያለቦታው እንደገባ ትነግረዋለች። ተቆጣጣሪው ቀረቡ። ሶርሳ በትሩን ጠበቅ አደረገ። ተቆጣጣሪው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ ብለው ገንዘቡን አዩ፤ ቆዩ።

ያለምወርቅ ባሏን አየችው። ልጆቹ በመስኮቱ በኩል ተደራርበው ያያሉ።

«ጓድ ተቆጣጣሪ» አለ ተፈሪ፣ «ጽሑፉ ላይ ሮማ ይላል። ሮማ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሦስት ፊደልና አንድ ንስር አየሁና የምፈልገውን አነበብኩ። የጣሊያን ንጉሥ ነው።»

ዘሩ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲያው» አሉ ተቆጣጣሪው፣ «ለኤግዚቢሽን ያቀረቡት ስህተትዎን ነው?»

«ስህተቴንም ንጉሡንም። ሰውየው እኮ እኔን የመሰሉ ሰዎች እንዲሳሳቱለት አስቦ ነው ያሠራው። ሮማውያኑን ለመምሰል ንስራቸውን ወሰደ፣ ማዕረጋቸውን ወሰደ፣ እግሩ ያልረገጠውን አገር ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብሎ በብረት ላይ አስመታ። እነሱም ያደርጉት ነበር። ልጆቼን የማስተምራቸው ይህን ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈውን አንብብ፤ ከዚያ ዞር በልና ያለውን እይ።»

ተቆጣጣሪው ዞር አሉ።

እሳቸው ሲዞሩ አዳራሹ በሙሉ አብሮ ዞረ። «ጎተራችን ሞልቶ ተርፏል!» ይላል ግድግዳው። ከሥሩ ባለው ሰሃን ላይ፣ እንግዳው እስኪደርስ የራባቸው ሰዎች አንድ አንድ እያነሡ ሲበሉት፣ ከሙዙ የተረፈው ልጣጩ ነው። አንዲት ዝንብ ብቻ ልጣጩን ትጎበኛለች። ያለምወርቅ እጆቿ ቀሚሷን ጨምድደው እንደያዙ ያወቀችው ሲያማት ነው፤ አሁን ስለ ዶማው ማሰብ ትታለች፤ ከዶማ የባሰ ቦታ እንዳለም ታውቃለች።

ተቆጣጣሪው ቀስ ብለው ወደ ቦሼ ተመለሱ። «እሷስ ይህ ንጉሥ ማን እንደሆነ ታውቃለች?» ብለው ሶርሳን ጠየቁት።

ሶርሳ ጠየቃት። ቦሼ ገንዘቡን በጣቷ ገልበጥ አድርጋ አየችና መለሰች።

«ማንም ይሁን ማን፣ ያለው እኔ ጋ ነው ትላለች» አለ ሶርሳ።

ተቆጣጣሪው ሳል ያዛቸው። ሳል ይሁን ሌላ ነገር ያለምወርቅ መለየት አልቻለችም፤ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር።

«ጓድ ተቆጣጣሪ» አለ ተፈሪ፤ ድምፁ እንደ ተማሪ ቀጥኗል፤ «የሮማ ክፍለ ጊዜ ይቀጥላል ወይስ ወደ እርሻው ልሂድ?»

ጓድ ወልደጊዮርጊስ መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«ይቀጥላል» አሉ። «ብቻ ከሞቱት እንዳያልፍ።»

ዘሩ ነፍሱ መለስ አለችና እስክሪብቶውን አወጣ። «ከሞቱ ስንት ዓመት የሆናቸው ብዬ ልመዝግብ፣ ጓድ?»

«ዓመቱን ተወው» አሉ ተቆጣጣሪው፣ ወደ በሩ እየተራመዱ። «ዘመድ ያልቀራቸው በል።»